የስቲከር «ጥላ» ምንድን ነው?

ሐረር ውስጥ ካረጀ ፔጆ 404 ላይ ስቲከር ሲነሣ ያየ ሰው ጥላን ያውቀዋል። ስቲከሩ ተልጧል፣ ሙጫው ተጠርጓል፤ በሩ ላይ ግን «አርሰናል» ወይም «ማሻአላህ» የሚለው ጽሑፍ ደመቅ፣ ጠቆር ብሎ አሁንም ይነበባል። ባለመኪናው የተረፈ ሙጫ ይመስለውና ጨርቅ ቲነር ነክሮ ፊደሎቹን ይፈትጋል። መኪናው የሚጎዳውም ያኔ ነው።

ያ የሚነበበው ጽሑፍ ስቲከሩ ከፀሐይ የከለለው ጤነኛ ቀለም ነው። የተበላሸው ዙሪያው ነው፦ አልትራቫዮሌት ጨረርና አየር ለዓመታት ሲበሉት ላዩ እንደ ጠመኔ ነጥቷል፤ ቢዳሰስ እጅ ላይ ዱቄት ይተዋል። እንግዲህ ፊደሉን ትቶ ዙሪያውን ማሸት ነው።

ከዚያ በፊት ግን ስቲከሩ በሰላም መነሣት አለበት። አዲስ ስቲከር የሚለጠጠው ፕላስቲኩን የሚያለሰልስ ነገር ስለተጨመረበት ነው፤ ያ በጊዜ ብዛት ይወጣና ስቲከሩ እንደ ደረቅ ቅጠል ይሰባበራል። መፍትሔው ሙቀት ነው። ድሬዳዋ ላይ የቀትር ፀሐይ በነጻ ይሠራላችኋል፤ ሐረር ከ1,800 ሜትር በላይ ስለሆነች የፀጉር ማድረቂያ ሳያስፈልግ አይቀርም። ላሜራው ሞቅ ይበል እንጂ እጅ አያቃጥል። ከዚያ ጫፉን በጥፍር ወይም ባረጀ ኤቲኤም ካርድ አንሥቶ፣ ወደ ኋላ አጥፎ፣ ከላሜራው ሳይርቁ ቀስ ብሎ መሳብ። ቀጥ አድርጎ ወደ ላይ የሳበ፣ በተለይ ስር ስቱኮ (የተጎዳ ላሜራ የሚሞላበት ልስን) ካለ፣ ቀለሙንም አብሮ ያነሣዋል። ምላጭ ለመስታወት ይሁን። በሙጫ የተለጠፈ ወፍራም አርማ ከሆነ ጠንካራ የናይለን ክር ከስሩ አስገብቶ እንደ መጋዝ ወዲያ ወዲህ ማለት ነው፤ ክሩን መኪና ግርግር በሚባለው የሐረር መንገድ ያሉ ልብስ ሰፊዎች አያጡትም።

ለተረፈው ሙጫ የምግብ ዘይት ወይም ላምባ የነካ ጨርቅ ጥቂት ደቂቃ ማሳረፍ፣ ከዚያ በሳሙና ማጠብ። ላምባውን መጀመሪያ በበሩ ውስጠኛ ጠርዝ መሞከር ይሻላል። ቲነር ግን የድሮ ቀለምን ራሱን ሊያሟሟ ይችላል።

አሁን ፖሊሽ። 404 ፈረንሳይ ውስጥ እ.ኤ.አ. ከ1960 እስከ 1975 የተመረተ መኪና ነው፤ በዚያ ዘመን ሜታሊክ ያልሆነ ቀለም ላይ ዛሬ የለመድነው ግልጽ ሽፋን አይደረብም ነበር። ስለዚህ ጨርቁ የመኪናውን ቀለም ቢይዝ አትደንግጡ፣ የሞተው የላይኛው ቀለም እየተነሣ ነው። ግን ከፋብሪካ የወጣ ቀለም ከነመሠረቱ 0.1 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው፤ ረቂቅ ፖሊሽ በእጅ፣ ትንሽ በትንሽ። ብርጭቆ ወረቀት የሚያቀብላችሁን ሰው አመስግናችሁ መልሱለት። ቀይ ቀለም ያስቸግራል፤ ድብዘዛው ወደ ውስጥ ስለሚዘልቅ ጥላው ሙሉ በሙሉ ላይጠፋ ይችላል።

ይህን ሁሉ ከመልፋት በፊት የፊደሉን ጠርዝ በጥፍር ዳስሱት። ጥፍር የሚይዝ ደረጃ ካለው፣ አንድ ጊዜ ቀለም ቀቢው ስቲከሩን ሳያነሣ ዙሪያውን ቀብቶታል ማለት ነው፤ ደጋግሞ የተቀባ ታክሲ ላይ ይህ ያጋጥማል። እንዲህ ያለውን ፖሊሽ አያስተካክለውም። ወይ በሩን ማስቀባት ነው፣ ወይ በዚያው ልክ ሌላ ስቲከር መለጠፍ። የማውቃቸው ባለታክሲዎች ሁለተኛውን ይመርጣሉ።