ኩራዋንካ ምንድን ነው?

ኩራዋንካ በጃፓን የኤዶ ዘመን (እ.ኤ.አ. 1603–1868) ተራው ሕዝብ ይበላበት የነበረ፣ ነጭ ገላው በሰማያዊ ቀለም በእጅ የተሳለ ወፍራም የፖርሲሊን ጎድጓዳ ሳህን ነው። እንደ ሲኒ እጀታ የለውም፤ አንድ ጣት ከንፈሩን፣ ሌሎቹ መቆሚያውን ይይዛሉ። ጃፓኖች የሩዝ ሳህናቸውን ከገበታው አንስተው ስለሚበሉ መቆሚያው ከፍ ማለቱ ለእጅ ይመቻል፤ ትኩስ ነገርም አያቃጥልም።

ስሙ የወጣለት ወንዝ ላይ ነው። በኦሳካ ከተማና ኪዮቶ አጠገብ ባለችው ፉሺሚ መካከል፣ በዮዶ ወንዝ ላይ መንገደኛ የጫኑ ጀልባዎች ይመላለሱ ነበር። ሂራካታ ሲደርሱ ምግብ ሻጮች በትንንሽ ጀልባ ይጠጓቸውና ሾርባ፣ ሞቺ (የሩዝ ቂጣ) እና ሳኬ (የሩዝ መጠጥ) ይዘው «ኩራዋንካ!» እያሉ ይጮኻሉ፤ «አትበሉም እንዴ!» እንደ ማለት ነው። ተሳፋሪው ሳሙራይ ቢሆንም አንደበታቸውን አያለዝቡም። ሠዓሊው ሂሮሺጌ ይህን ግርግር በእንጨት ሕትመት አስቀርቶታል። ሒሳቡ የሚታሰበው በባዶ ሳህን ቁጥር ስለነበር ብልጣ ብልጡ በላተኛ ሳህኑን ወንዝ ውስጥ ይጥለው ነበር ይባላል። ወሬው እውነትም ይሁን ቀልድ፣ ከወንዙ ሥር ሳህንና ስብርባሪ መውጣቱ ግን እርግጥ ነው።

በሚወዛወዝ ጀልባ ላይ ስስ ሳህን አያዋጣም። ስለዚህ የኩራዋንካ ታች ወፍራምና ከባድ፣ መቆሚያው ሰፊ ነው፤ በቀላሉ አይገለበጥም።

ብዙው የሚሠራው ግን ከወንዙ ርቆ፣ በዛሬዋ ናጋሳኪ አውራጃ ውስጥ በምትገኘው ሃሳሚ ነበር። ቻይና በውስጥ ጦርነት ስትታመስ የአካባቢው ሸክላ ሠሪዎች ወደ ውጭ በመላክ ገበያ አግኝተው ነበር። በ1684 ቻይና የባሕር ንግዷን መልሳ ስትከፍት ያ ገበያ ቀዘቀዘ፤ ሃሳሚም ፊቷን ወደ አገሯ ሰው አዞረች። እስከዚያ ፖርሲሊን የባለጸጋ ዕቃ ነበር። ዋጋውን ያረከሰው በተራራ ጥግ ሽቅብ የተደረደረው ረጅም እቶን ነው። ናካኦ መንደር የነበረው አንዱ ርዝመቱ 160 ሜትር ያህል ነበር፤ እሳቱ ከታች ተለኩሶ ከክፍል ወደ ክፍል ይወጣ ነበር። ቦታ እንዳይባክን ሳህኑን በሳህን ላይ ይደራርቡታል፤ እንዳይጣበቅም ከውስጥ ወለሉ ላይ መስታወታማውን ቅብ በቀለበት ቅርጽ ይጠርጉታል። አሮጌ ኩራዋንካ ውስጥ የሚታየው ሻካራ ክብ የዚህ ምልክት ነው።

ሥዕሉም በዚሁ ጥድፊያ የተወለደ ነው። ቀለሙ ኮባልት ያለበት ማዕድን ነው፤ ሲቀባ ጠቆር ያለ ሲሆን ሰማያዊ የሚወጣው ከመስታወታማው ቅብ ሥር ሲቃጠል ነው። በመጀመሪያ በቀጭን ብሩሽ የሐረጉ ወይም የአበባው ጠርዝ ይሰመራል። ቀጥሎ «ዳሚፉዴ» የሚባለው ወፍራም ብሩሽ ውኃ በበዛበት ቀለም ይጠግባል፤ ሳህኑ ጋደም ይደረግና ቀለሙ ከብሩሹ ጫፍ እየተንቆረቆረ በመስመሮቹ መካከል ይነዳል፤ የተረፈው በዚያው ብሩሽ ተመልሶ ይመጠጣል። ርካሽ ዕቃ ስለሆነ ሠዓሊው ቆም ብሎ አያስተካክልም። አበባው ሦስት ምት ሆኖ ይቀራል፤ ቀለሙ አንዳንዴ ከመስመሩ ያመልጣል። ሰብሳቢዎች ዛሬ የሚወዱለት ይህንኑ ነው። እኔም ብሆን ለመኳንንት ከተሠራው እንከን የለሽ የናቤሺማ ሳህን ይልቅ ይህን እመርጣለሁ።

ሃሳሚ ዛሬም የዕለት ዕቃ ታመርታለች። በእጅ የተሳለ ወፍራም ፖርሲሊን የሚፈልግ ደግሞ በኤሂሜ አውራጃ የምትገኘውን ቶቤን ይጠይቃል። ባልና ሚስት ተጣልተው ቢወራወሩትም አይሰበርም እየተባለ የቶቤ ሳህን «የጠብ ዕቃ» የሚል ቅጽል ወጥቶለታል። ሲገዙ ሁለት ተመሳሳይ ሳህን ጎን ለጎን አስቀምጦ ማየት ይበጃል፦ የአበባው ቅጠል ከሌላው ጋር ነጥብ በነጥብ ከገጠመ ሕትመት ነው፤ የሰማያዊው ድምቀት አንዱ ጋ ጠቆር፣ ሌላው ጋ ሳሳ ካለ የሰው እጅ ነክቶታል።