ሃሚንግበርድ ሸዋ አይመጣም፦ ስለ ዱር አበባ፣ ስለ ቢራቢሮና ስለ አበባ ቀሳሚ ወፍ የምንሳሳታቸው ነገሮች

አሁን አሁን የግቢያቸውን ጥግ ለአበባ የሚለቁ ሰዎች እየበዙ ነው። ደስ ይላል። ችግሩ ምክሩ ከዩቲዩብ ነው የሚመጣው፣ ዩቲዩቡ ደግሞ የሚያወራው ስለ ሌላ አገር ግቢ ነው። ሰሜን ሸዋ ላይ ሲሞከር የሚያሳስቱትን አንድ በአንድ እንያቸው።

«አበባ ከዘራሁ ሃሚንግበርድ ይመጣልኛል»

አይመጣም። ሃሚንግበርድ የሚኖረው በሰሜንና በደቡብ አሜሪካ ብቻ ነው። አፍሪካ ውስጥ አንድም ዝርያ የለውም። እዚህ እያብረቀረቀ ምንቃሩን አበባ ውስጥ የሚከተው ወፍ ሌላ ነው፤ ፈረንጆቹ ሰንበርድ የሚሉት የኛው አበባ ቀሳሚ። ደጋው ላይ ከሚታዩት አንዱ በሳይንሳዊ ስሙ ውስጥ ሳይቀር «ተከዜ» አለበት። ወንዱ ከሩቅ ጥቁር ይመስላል። ፀሐይ ሲያርፍበት ግን ሐምራዊ ይሆናል፤ ከጅራቱ መሃል ሁለት ረጃጅም ላባዎች ይወጣሉ።

ልዩነቱ ለሚዘራ ሰው ትርጉም አለው። ሃሚንግበርድ አየር ላይ ቆሞ ይቀስማል። የኛው አብዛኛውን ጊዜ አርፎ ነው። ስለዚህ ጠንካራ አገዳና ምንቃር የሚያስገባ ረዘም ያለ አበባ ያስፈልጋል። ራስ ክምር ለዚህ የተፈጠረ ነው፣ ከዘርም በቀላሉ ይበቅላል። ሬትም ጥሩ ነው፤ እንዲያውም ደብረ ብርሃንን በስሙ የያዘ የሬት ዝርያ አለን። ቦታ ያለው ኮርች ይትከል።

«ቢጫ የሆነ ሁሉ አደይ አበባ ነው»

መጭስ? መስከረም ላይ አደይና መጭ ሜዳውን አብረው ቢጫ ያደርጉታል፤ ከመኪና መስኮት ማንም አይለያቸውም። ቅጠሉን እዩ። የአደይ ቅጠል የተሰነጣጠቀ ነው። የመጭ ያልተሰነጠቀ ሆኖ ሲዳስሱት ይሻክራል። መጭ የኑግ ዘመድ ነው፤ ንብም ቢራቢሮም ይወደዋል፣ ማሳ ውስጥ ሲገባ ግን ገበሬ የሚማረርበት አረም ነው። ግቢያችሁ ከእህል ማሳ ጋር የሚዋሰን ከሆነ ዘሩን ይዛችሁ እንዳትገቡ፣ ጎረቤት ይቀየማል።

«መስከረም ላይ ስለሚያብብ ነሐሴ ላይ ይዘራል»

ይህ ብዙ ሰው ያሳስታል። አደይ ዕድሜው አንድ ወቅት ነው። ጥቅምትና ኅዳር ላይ ዘሩ ደርቆ ይረግፋል፣ በጋውን መሬት ላይ ተኝቶ ያሳልፋል፣ ዝናቡ ሲገባ ይበቅላል። እናንተም እሱን ተከተሉ። የአበባው ራስ ሲደርቅ ዘሩን ልቀሙ፤ በወረቀት ከረጢት አስቀምጡት፣ ፌስታል ውስጥ ይሻግታል። ሰኔ ላይ መሬቱ ሲርስ ዝሩ።

ነሐሴ ላይ ከተዘራ ደጋ ላይ ውርጭ ይቀድመዋል። ደብረ ብርሃን 2800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፤ የኅዳርና የታኅሣሥን ሌሊት የሚያውቅ ያውቀዋል። ጣርማ በርን ወርዳችሁ ሸዋ ሮቢት ስትደርሱ ከፍታው 1300 ሜትር ገደማ ነው፣ እዚያ የሚያሳስበው ብርዱ ሳይሆን ውሃው ነው። ዚኒያን ለምሳሌ ውሰዱ። ከሜክሲኮ የመጣ አበባ ነው፤ ቆላው ላይ ያምርበታል፣ ደጋው ላይ ውርጭ ያከስመዋል። «ለሰሜን ሸዋ የሚሆን የዘር ጊዜ» ብሎ አንድ ቀን የሚነግራችሁን ሰው የትኛውን ሰሜን ሸዋ እንደሆነ ጠይቁት።

«ፍግና ማዳበሪያ ሲበዛ አበባው ይበዛል»

ለገብስ ልክ ነው። የዱር አበባ ግን ስስ መሬት የለመደ ነው። ማዳበሪያ ሲጠግብ ወይ ቅጠል ብቻ ይሆናል ወይ ሣሩ ቀድሞት ይውጠዋል። ከማዳበሪያው ይልቅ ውሃው በየት እንደሚወጣ አስቡ፤ ጥቁር አፈር ክረምት ላይ ውሃ ይቋጥራል። የሰሜን ሸዋዋ እነዋሪ ገበሬዎች ለዚህ ድሮ መላ አግኝተውለታል፦ ሰፊ መደብ ከፍ አድርገው በመደቦቹ መሃል ቦይ ያወጣሉ፣ ያውም በእጅ። ግቢ ውስጥም ከዚህ የተሻለ ዘዴ አላውቅም።

«ዘሩን ሣር ላይ መበተን በቂ ነው»

እሱ ወፍ መቀለብ ነው። ሣሩን ከነሥሩ አንሱ፣ አፈሩን አለስልሱ፣ ደቃቁን ዘር ከአሸዋ ጋር ቀላቅላችሁ ዝሩ፣ በእግር ረገጥ ረገጥ አድርጉት። ወፍራም አፈር አታልብሱት።

«አባ ጨጓሬ ካየሁ መድኃኒት መርጨት አለብኝ»

ቢራቢሮ እየተመኙ አባ ጨጓሬን መፍጀት፣ እንቁላል እየሰበሩ ጫጩት እንደመጠበቅ ነው። ቢራቢሮ ለመቅሰም ማንኛውም አበባ ላይ ሊያርፍ ይችላል። እንቁላሉን የሚጥለው ግን በመረጠው ቅጠል ላይ ነው።

ሎሚ ቅጠል ላይ የወፍ ኩስ የመሰለች ትል አይታችሁ ታውቃላችሁ? ያቺ የትልቁ ጥቁርና ቢጫ ቢራቢሮ ልጅ ናት። ስታድግ አረንጓዴ ትሆናለች፤ ሲነኳት ከራሷ በላይ ቀንድ መሳይ ነገር አውጥታ ትሸታለች። ያደገ የሎሚ ዛፍ ጥቂት ቅጠል ቢበላበት ምንም አይሆንም። ችግኝ ላይ ካገኛችኋት አንስታችሁ ትልቁ ዛፍ ላይ አድርጓት። ጠርዙ ጥቁር የሆነው ብርቱካናማ ቢራቢሮ ደግሞ ሲቆረጡ ነጭ ወተት የሚያወጡ ዕፅዋትን ይመርጣል። ሰሃራን አቋርጦ አውሮፓ ድረስ የሚበር ሌላ ቢራቢሮም አለ፤ የሱ ልጆች የሚበሉት እሾሃማ አረም ነው። ስለዚህ አንድ ጥግ ሳትኮተኩቱ ተዉ። እንግዳ ሲመጣ ያሳፍር ይሆናል፣ ይሁን።

ፀጉራሙን ግን በእጅ አትንኩት። ያ የሚያሳክከው አብዛኛውን ጊዜ የእሳት እራት ልጅ ነው፣ ቢራቢሮ አይሆንም።

«ቢራቢሮ ከወደደው ጥሩ ተክል ነው»

የወፍ ቆሎን ቢራቢሮ ይወደዋል። ለውበት ተብሎ ከአሜሪካ አህጉር የመጣ ተክል ነው፤ ፍሬውን ወፍ በልቶ ይዘራዋል፣ የግጦሽ መሬት ይወርራል፣ ቅጠሉ ከብት ይመርዛል። አትትከሉት።

«ከዘር ከመልፋት ከተራራ ነቅሎ ማምጣት ይቀላል»

አትንቀሉ፣ በተለይ ጅብራን። ጅብራ ብዙ ዓመት ቆይታ አንዴ አብባ የምትሞት የውርጭ አገር ተክል ናት፤ ግቢ ውስጥ አትለምድም። የጓሳን ተራራማ ሣር ምድር ደግሞ የመንዝ ሰው ቄሮ በሚባለው የጋራ ጥበቃ ሥርዓት ለዘመናት ሲጠብቀው የኖረ ነው፣ ማንም እየነቀለ የሚሄድበት አይደለም። ከመንገድ ዳር ዘር ስትለቅሙም አብዛኛውን ለመሬቱ ተዉለት።

«ቀይ የስኳር ውሃ ብሰቅል ወፉ ይበቃዋል»

ቀለሙ አያስፈልግም፣ በማር የተበጠበጠ ውሃ ደግሞ ቶሎ ይበላሻል። የግድ ከሆነ አንድ እጅ ስኳር ለአራት እጅ ውሃ፣ ዕቃውም በየጊዜው ይታጠብ። ግን አበባ ቀሳሚ ወፍ በጣፋጭ ብቻ አይኖርም፤ ጫጩቶቹን የሚመግበው በነፍሳትና በሸረሪት ነው። ግቢው መድኃኒት የሚረጭበት ከሆነ ስኳሩን ጠጥቶ ጎጆውን ሌላ ቦታ ይሠራል።