የሞባይል ክፍያና አመኔታ በመሀል አዲስ አበባ

ከፒያሳ እስከ ሜክሲኮ ባለው የአዲስ አበባ መሀል በስልክ መክፈል ተራ ነገር ከሆነ ሰነባብቷል። ኢትዮ ቴሌኮም ቴሌብርን ያስጀመረው ግንቦት 3 ቀን 2013 ዓ.ም. ነው። በ2015 ዓ.ም. የከተማዋ የነዳጅ ክፍያ ከጥሬ ገንዘብ ወጣ፤ በዚያው ዓመት ማብቂያ የሳፋሪኮም ኤም-ፔሳ ሥራ ጀመረ። የሚኒባስ ታክሲ ረዳት ግን ዛሬም ዝርዝር ብር ይፈልጋል።

መጠቀምና ማመን ለየቅል ናቸው። ስታዲየም አካባቢ የጀበና ቡና የምትሸጥ ሴት፣ ደንበኛዋ «ተልኳል» ብሎ የስልኩን ገጽ ቢያሳያት እንኳ ዓይኗን የምትጥለው በራሷ ስልክ ላይ ነው። ሐሰተኛ የማረጋገጫ መልእክት አሳይቶ የሚሰወር እንዳለ ታውቃለችና። «ገባልሽ?» ይላል። «ገና ነው፤ ትንሽ ጠብቅ።» የሂሳብ ቁጥሩ የባለቤቱ በሆነበት ሱቅ ደግሞ ሻጩ ስልክ ደውሎ «አንድ ሺህ ሁለት መቶ ገብቷል?» ብሎ እስኪያረጋግጥ ድረስ ዕቃው ከባንኮኒው አይነሳም።

ይህ ጥንቃቄ የቆየ ነው። ዳግማዊ ምኒልክ በስማቸው ገንዘብ ቢያስቀርጹም፣ የአቢሲኒያ ባንክም በ1898 ዓ.ም. ቢከፈት፣ ገበያው 1780 የሚል የፈረንጅ ዓመት የታተመባትን የኦስትሪያ ማርትሬዛ ብር በቀላሉ አልለቀቀም።

መጋቢት 6 ቀን 2016 ዓ.ም. ለሊቱን በኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ላይ የደረሰው የሥርዓት ብልሽት ደግሞ አመኔታን ከሌላ ወገን ፈተነው። ደንበኞች በሂሳባቸው ካለው በላይ ማውጣትና ማስተላለፍ ቻሉ፤ ከ800 ሚሊዮን ብር በላይ ወጣ። ባንኩ የሳይበር ጥቃት አለመሆኑን ገለጸ፤ ገንዘቡን ያልመለሱትን ሰዎች ስምና ፎቶግራፍም ይፋ አደረገ። ብሔራዊ ቴአትር አጠገብ ካለው የባንኩ ዋና መሥሪያ ቤት፣ ከከተማዋ ረጅም ሕንፃ፣ የወጣው መፍትሔ፣ በኔ ግምት፣ ከይሉኝታ እምብዛም የራቀ አልነበረም።

ይሉኝታና ዋስ የዕቁብ መሣሪያዎች ናቸው። በመርካቶ ነጋዴዎች ዕቁብ ውስጥ መዋጮው አሁን በስልክ ሊገባ ይችላል፤ ዳኛውና ጸሐፊው ገቢውን ከስም ዝርዝሩ ጋር ያመሳክራሉ። ዕጣ የወጣለት ሰው ግን ገንዘቡን ከመውሰዱ በፊት ዋስ ይጠራል፤ ዋሱም በአካል ቀርቦ ይፈርማል።