ለትናንሽ ሞዴሎች የሚሆን ወረንጦ፦ ዓይነቱና አመራረጡ

በ1፡700 ልኬት በተሠራ የጦር መርከብ ሞዴል ላይ 1 ሜትር ከ75 የሚረዝም መርከበኛ ቁመቱ 2.5 ሚሊሜትር ብቻ ነው። የመርከቧ መሰላል፣ የዳር አጥሯና የራዳሯ አንቴና ደግሞ ከእሱም ይቀጥናሉ። እነዚህን በጣት ይዞ፣ ሙጫ አስነክቶ ቦታቸው ላይ ማስቀመጥ አይሆንም። ጣት ዕቃውንም ቦታውንም ይሸፍናል። ስለዚህ ሞዴል የሚገጣጥም ሰው ከመቁረጫና ከቢላ ቀጥሎ የሚያስፈልገው ወረንጦ ነው።

ወረንጦ ሲባል ብዙዎቻችን ትዝ የሚለን እሾህ ወይም ቅንድብ ነው። የቅንድብ ወረንጦ ግን ለዚህ ሥራ አይመችም። አጭር ነው፣ እግሮቹ ደረቅ ናቸው፣ ጫፉም ሰፊና ብዙ ጊዜ በሰያፍ የተቆረጠ ነው። የተሠራው ፀጉር ጨምድዶ ለመንቀል ነው። የሞዴል ሥራ የሚፈልገው ሌላ ነው፦ በቀስታ መያዝ፣ ቦታው ማድረስ፣ ከዚያ መልቀቅ። በተለይ መልቀቁ። ጀማሪ ስለ አያያዙ እንጂ ስለ አለቃቀቁ ብዙም አያስብም። ሙጫ የነካው ዕቃ ቦታው ላይ ካረፈ በኋላ ከወረንጦው ጋር ተመልሶ ሲመጣ ነው ነገሩ የሚገባው።

የትኛው ወረንጦ እንደሚያስፈልግ መጀመሪያ የሚወስነው የሞዴሉ ልኬት ነው። ታንክና ወታደር የሚሠሩ ሰዎች አብዝተው የሚመርጡት 1፡35ን ነው። በዚህ ልኬት ሰው 5 ሴንቲሜትር ይሆናል። የእንግሊዙ ኤርፊክስ በ1953 እ.ኤ.አ. ያወጣው የስፒትፋየር አውሮፕላን በ1፡72 ነበር፤ ልኬቱ ዛሬም በአውሮፕላን ሠሪዎች ዘንድ ተወዳጅ ነው። እዚያ ላይ ሰው 2.4 ሴንቲሜትር ገደማ ነው። ለሁለቱም መካከለኛ ጫፍ ያለው ወረንጦ አብዛኛውን ሥራ ይወጣል። የጃፓኑ ባንዳይ በ1980 እ.ኤ.አ. የጀመራቸው የጉንዳም ሮቦት ሞዴሎች ደግሞ ዛሬ ባብዛኛው ያለ ሙጫ፣ በመጫን ብቻ የሚገጣጠሙ ናቸው። እነሱ ላይ ወረንጦ በዋናነት የሚያስፈልገው ተለጣፊዎቹን ለማስቀመጥ ነው።

ከባዱ ሥራ መርከብ ነው። በ1971 እ.ኤ.አ. የጃፓኗ ሺዙኦካ አራት ድርጅቶች፣ ታሚያ፣ ሃሴጋዋ፣ አኦሺማና ፉጂሚ፣ መርከቦችን ተከፋፍለው በ1፡700 ማውጣት ጀመሩ። ሞዴሎቹ ከውሃ በላይ ያለውን የመርከቡን ክፍል ብቻ የሚያሳዩ ናቸው። በዚህ ልኬት 7 ሜትር ወደ 1 ሴንቲሜትር ይጠባል። በዚህ ላይ ከፕላስቲኩ ሌላ በኬሚካል ተበልቶ የሚቀረጽ የናስ ቅጠል አለ። ውፍረቱ ብዙውን ጊዜ ከ0.1 እስከ 0.2 ሚሊሜትር ነው። ኤድዋርድ የተባለው የቼክ ሪፐብሊክ ድርጅት በተለይ ለአውሮፕላን በሚያወጣቸው እንዲህ ያሉ የናስ ክፍሎች ይታወቃል። ናሱ በትንሽ ግፊት ይጎብጣል። አንዴ ከጎበጠ ደግሞ እንደነበረ መመለስ ከባድ ነው። ቀጭን ጫፍ በእውነት የሚያስፈልገው እዚህ ላይ ነው።

ሰው ግን ገና ሲጀምር ካየው ሁሉ የሾለውን ይገዛል። እኔ ይህን አልመክርም። መርፌ የመሰለ ጫፍ ለስላሳውን ፕላስቲክ ይወጋል፣ ይጭራል። ክብ ወይም ወፈር ያለ ዕቃም አይዝም፤ የሚያርፍበት ስፋት የለውምና። አንዴ ጠረጴዛ ላይ ከወደቀ ደግሞ ጫፉ ይጎብጣል። ከሹልነቱ ይልቅ የሚበልጠው ሁለቱ ጫፎች በትክክል መገናኘታቸው ነው።

ይህን ሱቅ ውስጥ ቆሞ መፈተሽ ይቻላል። ወረንጦውን ወደ ብርሃን አንስተህ ቀስ ብለህ ጨብጠው። መጀመሪያ መነካካት ያለባቸው የመጨረሻዎቹ ጫፎች ናቸው። ጨመር አድርገህ ስትጫነው ግጥሚያው ከጫፍ ወደ ኋላ እየረዘመ ይሄዳል። ደካማ ወረንጦ ላይ የሚሆነው ሌላ ነው፦ ስትጫነው መሃሉ ይገናኝና ጫፉ ይከፈታል። እንዲህ ያለው ዕቃ አጥብቀህ ልትይዝ በሞከርክ ቁጥር ይለቅብሃል። ቀጥሎ ከጎን እየው። አንዱ እግር በሌላው ላይ እንደ መቀስ የሚንሸራተት ከሆነ ተወው። መጨረሻ ላይ አንዲት የፀጉር ዘለላ ከወረቀት ላይ አንሳበት። በመጀመሪያው ሙከራ ካነሳት ጥሩ ነው።

የእግሮቹ ልስላሴም ቀላል ነገር አይደለም። ደረቅ ወረንጦ እጅ ያደክማል፣ የደከመ እጅ ይንቀጠቀጣል። ከሁሉ የሚያናድደው ደግሞ ዕቃ መፈናጠሩ ነው። ትንሿ ክፍል ፍንጥር ትልና የት እንደገባች አትታወቅም። ብዙ ጊዜ ይህ የሚሆነው እጅ አብዝቶ ስለሚጫን ነው። ጫፎቹ በትንሽ ማዕዘን ስለሚገናኙ ክብ ወይም ለስላሳ ነገር ሲጨመቅ ወደ ፊት ይሸሻል። በለስላሳ ወረንጦ እጅ የሚያሳርፈው ኃይል ይታወቀዋል። ወረንጦውን እንደ ስክሪፕቶ ያዘው፤ ጭራው በአውራ ጣትና በሌባ ጣት መካከል ይረፍ።

ከዓይነቶቹ ቀጥ ያለው ዋናው ነው። ከ11 እስከ 12 ሴንቲሜትር የሚረዝም፣ ጫፉ መካከለኛ የሆነ አንድ ይበቃል። ሁለተኛው ጫፉ የታጠፈ ወይም የጎበጠ ነው። ጥቅሙ በዋናነት ለዓይን ነው፦ እጅህ ከጎን ስለሚሆን የምታስቀምጥበትን ቦታ አይጋርድም። የአውሮፕላን አብራሪ ክፍል ውስጥ መቀመጫ ሲገባ ልዩነቱ ወዲያው ይታያል። ሦስተኛው ጫፉ ሰፋና ጠፍጠፍ ያለ፣ ውስጡ ልሙጥ የሆነ ነው። ይህ በውሃ ለሚላቀቁት ተለጣፊ ምልክቶች ነው። ወረቀቱን በጥግ ይዘህ ውሃ ውስጥ ትነክራለህ፤ ትንሽ ትጠብቃለህ። ምልክቱ ሲላቀቅ ግን ከወረቀቱ ላይ በወረንጦ አትጎትተው። በእርጥብ ብሩሽ ገፋ አድርገህ ሞዴሉ ላይ አንሸራትተው። ሹል ጫፍ ያን ስስ ፊልም በቀላሉ ይቀደዋል።

አራተኛው የተገላቢጦሹ ነው። ሲጫኑት ይከፈታል፣ ሲለቁት ይይዛል። ሙጫ እስኪደርቅ ወይም ቀለም እስኪቀባ ዕቃ ይዞ መቆየት የሱ ሥራ ነው። እጅ አይደክምም። ነገር ግን የሚይዝበትን ኃይል የምትወስነው አንተ ሳትሆን ስፕሪንጉ ነው፤ ስለዚህ ለቀጭን ናስ አደራ አልሰጠውም። ውስጣቸው ጥርስ ያላቸው ወረንጦዎችም አሉ። አጥብቀው ይይዛሉ፣ በለስላሳ ፕላስቲክና በተቀባ ክፍል ላይ ግን ምልክት ይተዋሉ። ለአብራሪው መስታወት የትኛውም ብረት አይመከርም። አንድ ጭረት ከቀረ ለዘላለሙ ይታያል። እዚያ ላይ የሰም እርሳስ ወይም በእንጨት ጫፍ ላይ የተለጠፈ ማጣበቂያ ሊጥ ይሻላል።

ስለ ብረቱ ብዙ ማሰብ አያስፈልግም። የማይዝግ ብረት ለአብዛኛው ሰው በቂ ነው። ችግሩ ርካሹ ወረንጦ ከጊዜ በኋላ ማግኔት ሊሆን መቻሉ ነው። ናስና ፕላስቲክ በማግኔት አይሳቡም። ከብረት የተሠሩ ጥቃቅን ክፍሎች ግን ይጣበቁና አልለቅ ይላሉ። ማግኔት የማይዙት ብዙውን ጊዜ «ኤስኤ» የሚል ጽሑፍ አላቸው። ጫፋቸው የሴራሚክ የሆኑም አሉ። እነሱ ማግኔትም ሙቀትም አያሳስባቸውም፤ ሲወድቁ ግን ይሰበራሉ።

ወረንጦዎች ላይ የሚጻፉት የዓይነት ቁጥሮች የመጡት ከሰዓት ሠሪዎችና ከኤሌክትሮኒክስ ሠራተኞች ዓለም ነው። 2ኤ ጠፍጣፋና ክብ ጫፍ ያለው ነው፣ 3 ቀጭን ነው፣ 5 በጣም ቀጭን፣ 7 ደግሞ ጎባጣ ነው። ስልክ የሚጠግኑ ልጆች ጠረጴዛ ላይ የምታየው ጥቁር ወረንጦም ለሞዴል ይሆናል። «ኢኤስዲ» ከሚል ጽሑፍ ቀጥሎ ቁጥር አለበት። 11 ቀጥ ያለ ቀጭን ነው፣ 15 ጎባጣ ነው። ስታቲክ ኤሌክትሪክን የሚከላከልበት ባሕርዩ ለሞዴል ሠሪ ብዙም አይጠቅመውም፤ ጫፉ ግን ይጠቅመዋል። ከጥገና ዕቃ ሻጭ የሚገዛ ሰው ከላይ ያለውን የብርሃን ፍተሻ ማድረግ አይርሳ፤ በአንድ ቁጥር የሚሸጡ ሁሉ እኩል አይደሉም። አሥር ወረንጦ በአንድ ከረጢት ከመግዛት በዚያው ገንዘብ ሁለት ጥሩ መግዛት ይሻላል።

ሱፐር ግሉ ሌላው ጣጣ ነው። ቀጭኑ ዓይነት በሁለት ጫፎች መካከል ራሱ ተስቦ ወደ ላይ ይወጣል። ከዚያ ወረንጦውም ዕቃውም አንድ ይሆናሉ። ስለዚህ ሙጫው ወደሚነካበት ጠርዝ አትጠጋ፤ ክፍሉን በተቃራኒው ጫፍ ያዘው። ወይም ደረቁን ክፍል መጀመሪያ ቦታው ላይ አስቀምጥና ሙጫውን በቀጭን ሽቦ አስነካው። የደረቀ ሙጫ በአሴቶን ይለቃል። አሴቶን ግን የሞዴሉን ፕላስቲክ ያቀልጣል። ወረንጦውን ከሞዴሉ ራቅ አድርገህ ጥረግ፣ በደንብ እስኪደርቅም ጠብቅ።

ሹል ወረንጦ ልጆች በሚደርሱበት ቦታ አይቀመጥም። ለልጅ ጫፉ ደነዝ ያለ ወይም የፕላስቲክ ይበቃዋል። የአንተንም ጫፍ በቀጭን የላስቲክ ቱቦ ሸፍነው። በወረንጦ ቀለም አታማስል፣ ቆርቆሮ አትክፈት፣ ናስም አትጠፍበት፤ ለማጠፊያ ጠፍጣፋ አፍ ያለው ፒንሳ አለ። ጫፉ በትንሹ ከተጎዳ 1000 ወይም 2000 ቁጥር የብርጭቆ ወረቀት በጫፎቹ መካከል አስገባ፣ በቀስታ ጨብጠህ ወረቀቱን ሳብ። ሁለት ሦስት ጊዜ ከሳብክ በኋላ ወደ ብርሃን አንስተህ እንደገና ፈትሸው። አሁንም ካልገጠመ ቀለም የሚቀቡ ክፍሎችን መያዣ ይሁን፣ ለናሱ ሥራ ሌላ ግዛ።