የሕፃናት ሴፕሲስና የደም ጠቋሚዎች

ሴፕሲስ በተለምዶ «የደም መመረዝ» ይባላል፤ ስያሜው ግን ያሳስታል። ዋናው ችግር ሰውነት ኢንፌክሽኑን ለመመከት ያስነሳው ምላሽ ልክ አጥቶ የገዛ አካሉን መጉዳቱ ነው። ሕፃናት ደግሞ ደም ግፊታቸው ሳይወርድ ብዙ ስለሚቆይ፣ ደህና መስለው ድንገት ይወድቃሉ። ሐኪሞች የልጁን ቀጣይ ሁኔታ ከደሙ አስቀድመው ለማወቅ የሚጥሩትም ለዚሁ ነው።

በብዛት የሚለካው ላክቴት፣ ማለትም ስኳር ሲሰባበር የሚፈጠር ንጥረ ነገር ነው። ኅብረ ሕዋሳት በቂ ደምና ኦክስጅን ሲያጡ ይከማቻል፤ ጤናማ መጠኑ በሊትር ከ2 ሚሊሞል በታች ነው። ይሁንና በቀላሉ ያታልላል። ክንዱ በላስቲክ ጠብቆ ታስሮ፣ እያለቀሰና እየተፈራገጠ ደም የተቀዳ ልጅ ውጤቱ ከእውነተኛው ሊበልጥ ይችላል። ናሙናው ጠረጴዛ ላይ ከዋለም፣ ቀይ የደም ሕዋሳት ቱቦ ውስጥ ሆነውም ስኳር መሰባበራቸውን ስለማይተዉ ቁጥሩ ያሻቅባል። አድሬናሊን በደም ሥር ሲሰጥም እንዲሁ። ስለዚህ ከአንድ ነጠላ ውጤት ይልቅ፣ ከሰዓታት በኋላ ሲደገም መውረድ አለመውረዱ ይበልጥ ይናገራል።

ሲአርፒ ኢንፌክሽን ሲነሳ ጉበት የሚሠራው ፕሮቲን ነው፤ ከፍ ለማለት ከ6 እስከ 12 ሰዓት ይፈጅበታል። ፕሮካልሲቶኒን የተባለው ሌላ የኢንፌክሽን ጠቋሚ ይቀድመዋል፤ ሆኖም በአራስ ልጅ ደም ውስጥ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ቀናት ያለ ሕመምም ይጨምራል። ሁለቱም ኢንፌክሽንን ለመጠርጠርና ሕክምናውን ለመከታተል እንጂ ማን እንደሚተርፍ ለመለየት ብዙም አይጠቅሙም።

ለዚህ የተሻለው ሙከራ ፐርሲቪር የተሰኘው ሞዴል ነው። በአሜሪካ የሲንሲናቲ ሕፃናት ሆስፒታል ዶክተር ሄክተር ዎንግ የመሩት ቡድን እ.ኤ.አ. በ2012 ያወጣው ሲሆን፣ ከመጀመሪያው ቀን ደም አምስት ፕሮቲኖችን ወስዶ በ28 ቀናት ውስጥ የመሞት ሥጋትን ያሰላል። ከአምስቱ አንዱ ኢንተርሉኪን-8፣ የሰውነት መከላከያ ሕዋሳትን የሚጠራው ፕሮቲን ነው። ቀደም ብሎ ይኸው ቡድን በሴፕቲክ ሾክ (የደም ዝውውርን ባወከ ሴፕሲስ) በታመሙ ልጆች ላይ ባደረገው ጥናት፣ መጠኑ በሚሊሊትር ከ220 ፒኮግራም ካልበለጠባቸው 95 ከመቶ ያህሉ ተርፈዋል። ልብ በሉ፤ ጠቋሚው የሚያስተማምነው ዝቅ ሲል ነው። ይህም ቀላል ጥቅም አይደለም፤ አደገኛ የሙከራ ሕክምና ከማያስፈልገው ልጅ እንዲርቅ ያግዛል።

እ.ኤ.አ. በ2024 የወጣውና የሕፃናት ሴፕሲስን በነጥብ የሚለየው የፊኒክስ መስፈርት ደግሞ «ከባድ ሴፕሲስ» የሚለውን ስም ራሱን ትቶታል። ከደም ምርመራ ለነጥብ የመረጠው በአብዛኛው ተራ ላብራቶሪ የሚሠራውን ነው፦ ላክቴት ከ5 ሚሊሞል ጀምሮ 1 ነጥብ፣ ከ11 ጀምሮ 2 ነጥብ ያሰጣል፤ ደም እንዲረጋ የሚረዳው ፕላትሌት በማይክሮሊትር ከ100 ሺህ በታች ሲወርድና የደም መርጋት ምርመራዎች ሲዛቡም ይቆጠራል። ሲአርፒና ፕሮካልሲቶኒን አልገቡበትም።