ሽቫርም ምንድን ነው? ቬርነር ሞልደርስና የአራት ተዋጊ አውሮፕላኖች አሰላለፍ

ሽቫርም አራት ተዋጊ አውሮፕላኖች ሁለት ሁለት ሆነውና ተራርቀው የሚበሩበት የጀርመን አየር ኃይል የውጊያ አሰላለፍ ነው። ጥንዱ ሮቴ ይባላል፤ አንድ መሪና አንድ አጃቢ አለው። ሁለት ሮቴ ተጣምሮ አንድ ሽቫርም ይሆናል። ቅርጹን ለማየት ቀኝ እጅን ጠረጴዛ ላይ ዘርግቶ አውራ ጣትን ማጠፍ ይበቃል፦ የመካከለኛው ጣት ጫፍ የጠቅላላው መሪ፣ የጠቋሚው ጣት ጫፍ የእሱ አጃቢ፣ የቀለበት ጣቱ የሁለተኛው ጥንድ መሪ፣ ትንሿ ጣት ደግሞ የዚያ ጥንድ አጃቢ ናት። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶች በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ከዚህ አሰላለፍ ጋር ስሙ አብሮ የሚነሳው አብራሪ በ1913 ጌልዘንኪርኽን የተወለደው ቬርነር ሞልደርስ ነው። 115 አውሮፕላን እንደመታ ተመዝግቦለታል፤ 14ቱ በስፔን፣ 101ዱ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት። ያ ቁጥር በአንድ ሰው ስም ይጻፍ እንጂ ያለ አጃቢ የማይታሰብ ነው፤ ምክንያቱ የሚገባው የአሰላለፉን አሠራር ሲያዩ ነው።

ቀደም ሲል የጀርመንም የእንግሊዝም ተዋጊዎች ሦስት ሦስት ሆነው፣ ክንፍ ለክንፍ ሊነካኩ ተቃርበው ነበር የሚበሩት። ለበዓል ትርኢት ያምራል፤ ለውጊያ ግን ገዳይ ነው። መሪውን ከግራና ከቀኝ የያዙት ሁለቱ እንዳይጋጩ ዓይናቸውን ከመሪው ክንፍ ላይ መንቀል አይችሉም። ሰማዩን የሚቃኘው አንድ ሰው ብቻ ሆነ ማለት ነው። ከኋላ የሚመጣ ጠላት በሰዓት 150 ኪሎ ሜትር ፍጥነት ቢበልጣቸው በየሰከንዱ 42 ሜትር ገደማ ይጠጋቸዋል። 3 ኪሎ ሜትር ላይ ነጥብ አክሎ ይታይ የነበረው አውሮፕላን ከ70 ሰከንድ ባነሰ ጊዜ ለመተኮስ ይደርሳል። በዚያ ላይ ሦስት ለሁለት አይከፈልም፤ ውጊያው ሲጋጋል አንዱ ብቻውን ይቀራል።

ለውጡ የመጣው በስፔን የእርስ በርስ ጦርነት ነው። ሂትለር ጄኔራል ፍራንኮን እንዲረዳ የላከው ኮንዶር ሌጂዮን የተባለው የጀርመን ኃይል አዲሱን ሜሰርሽሚት 109 ተዋጊ አውሮፕላን ሲቀበል አውሮፕላኖቹ በቁጥር ጥቂት ስለነበሩ በጥንድ መብረር ተለመደ። በ1938 ሞልደርስ አንዱን የተዋጊ ክፍል ከሌላው ጀርመናዊ አብራሪ ከአዶልፍ ጋላንድ ሲረከብ ልማዱን ወደ ሥርዓት ለወጠው፦ ርቀት ተወሰነ፣ የሥራ ድርሻ ተለየ፣ አራቱ አብረው የሚታጠፉበት መንገድም ተበጀ። እሱ ብቻውን ፈለሰፈው ማለት ግን ትክክል አይሆንም፤ ጓዶቹም አስተዋጽኦ ነበራቸው፣ ፊንላንዶችም በራሳቸው መንገድ ወደ ጥንድና ወደ አራት አሰላለፍ ደርሰዋል።

ዋናው ነገር ርቀቱ ነው። በሁለት አውሮፕላኖች መካከል 200 ሜትር ገደማ ይተዋል፤ አራቱ አንድ ላይ ወደ 600 ሜትር የሚሰፋ ሰማይ ይይዛሉ። ከዚህ በጣም ከጠበበ የድሮው ችግር ይመለሳል፦ አብራሪው ጎረቤቱን እንዳይገጭ ሲጠነቀቅ ጠላት መፈለጉን ይተዋል። ከመጠን በላይ ከሰፋ ደግሞ አጃቢው ለመድረስ ይዘገያል። በ200 ሜትር ግን ሁለቱም እርስ በርስ የጓደኛቸውን ጭራ አሻግረው ማየት ይችላሉ፤ ጠላት አንዱ ላይ ሲጣበቅም ሌላው ወደ ጠላቱ ለመታጠፍ የሚበቃ ቦታ አለው። አጃቢው በፀሐይ በኩል ይሆናል፤ ነገር ግን ዝቅ ብሎ ይበራል፤ ሌሎቹ ወደ ፀሐይ ሳያፈጡ እንዲያዩት ነው። በዚህ ርቀት የእጅ ምልክት ስለማይሠራ የድምፅ ሬዲዮ የግድ ነው።

መታጠፉ ብዙ ሰው የሚስተው ክፍል ነው። 600 ሜትር የተዘረጋ መስመር እንደ በር ዞሮ ይታጠፍ ቢባል በውጭ በኩል ያለው ወደኋላ ይቀራል፣ በውስጥ በኩል ያለው ደግሞ ፍጥነቱን መቀነስ አለበት፤ ፍጥነት የቀነሰ ተዋጊ ደግሞ በቀላሉ ይመታል። መፍትሔው መሻገር ነው። ወደ ቀኝ 90 ዲግሪ ሲታጠፉ እያንዳንዱ በራሱ ፍጥነት ይዞራል፣ በግራ ጫፍ የነበረው ከሌሎቹ ኋላ አቋርጦ ወደ ቀኝ ጫፍ ይወጣል። መታጠፉ ሲያልቅ አሰላለፉ በመስታወት እንደታየ ተገልብጦ ይገኛል፤ ርቀቱ ግን እንደነበረ ነው። ከፍታቸው የሚለያየው በዚህ መሻገር ላይ እንዳይጋጩም ጭምር ነው።

መሪው ይተኩሳል፣ አጃቢው ይጠብቃል። የሜሰርሽሚት 109 ኢ ሁለቱ የክንፍ መድፎች እያንዳንዳቸው 60 ጥይት ብቻ ነበራቸው፤ ቃታው ሳይለቀቅ ከተያዘ በ7 ሰከንድ ገደማ ያልቃል። ስለዚህ መሪው በጣም ተጠግቶ፣ ዓይኑን ከማነጣጠሪያው ሳይነቅል መተኮስ አለበት፤ በእነዚያ ሰከንዶች ኋላውን ማየት ከቶ አይችልም። አጃቢው ያኔ ጠላት ፍለጋ ከሄደ ሁለቱም ብቻቸውን ቀሩ ማለት ነው።

ኋላ 352 አውሮፕላን በመምታት የተመዘገበለት ኤሪክ ሃርትማን እንኳ የጀመረው በዚሁ ስህተት ነው። ጥቅምት 1942 በካውካሰስ ግንባር ለኤድመንድ ሮስማን አጃቢ ሆኖ ሲበር ጠላት እንዳየ ነዳጅ መስጫውን እስከ መጨረሻው ገፍቶ መሪውን ጥሎ ሄደ። አንድም ሳይመታ ነዳጁ አለቀና አውሮፕላኑን ያለ ጎማ በሆዱ አሳረፈ። ቅጣቱም ሦስት ቀን ከመሬት ላይ ሠራተኞች ጋር መሥራት ነበር። በእኔ እምነት ለአጃቢነት ከዚህ የተሻለ ማስተማሪያ የለም።

አሰላለፉ በትእዛዝም ሊበላሽ ይችላል። በ1940 በብሪታኒያ ውጊያ የጀርመን አየር ኃይል አዛዥ ጎሪንግ ተዋጊዎቹ ቦምብ ጣዮቹን ተጠግተው እንዲያጅቡ አዘዘ። ቦምብ ጣዮቹ አዝጋሚ ስለሆኑ ሽቫርሙ አብሯቸው ለመቆየት ፍጥነቱንና ከፍታውን ይሰዋል፣ ቀድሞ የማጥቃት ዕድሉንም ያጣል። ሜሰርሽሚቶቹ የሚይዙት ነዳጅ 400 ሊትር ብቻ በመሆኑ ለንደን ላይ የሚቆዩበት ጊዜ በደቂቃዎች የሚቆጠር ነበር።

ሞልደርስ ራሱ ከመመታት አላመለጠም። ጁን 5 ቀን 1940 አንድ ዴቫቲን 520 የተባለ የፈረንሳይ ተዋጊ አውሮፕላን ጣለው፤ በፓራሹት ወርዶ ተማረከ፣ ፈረንሳይ ስትሸነፍ ተለቀቀ። ጁላይ 15 ቀን 1941 በዚያው ጦርነት 100 ድል ያለፈ የመጀመሪያው አብራሪ ሆነ። ወዲያው ከውጊያ በረራ ታግዶ የተዋጊዎች ዋና ኃላፊ ተደረገ፤ ገና 28 ዓመቱ ነበር። ኖቬምበር 22 ቀን 1941 ለአየር ኃይሉ ጄኔራል ለኧርንስት ኡደት ቀብር እንደ ተሳፋሪ ሲጓዝ የያዘው ሃይንከል 111 አውሮፕላን በመጥፎ አየር ብሬስላው (የዛሬዋ የፖላንድ ከተማ ቭሮትስዋፍ) አጠገብ ተከስክሶ ሞተ።

ስሙ ለአንድ የምዕራብ ጀርመን ተዋጊ ክፍል ተሰጥቶ ለዓመታት ቆየ። በ2005 የመከላከያ ሚኒስቴር አነሳው፤ የኮንዶር ሌጂዮን አባል የነበረ ሰው መታሰቢያ ሊሆን አይገባም በሚል። ሌጂዮኑ ሚያዝያ 1937 የስፔኗን ከተማ ጌርኒካን በቦምብ የደበደበው ሞልደርስ ስፔን ከመድረሱ አንድ ዓመት ቀደም ብሎ ነው፤ ሆኖም ያገለገለው ያንኑ ኃይል ነበርና ውሳኔው ተገቢ ይመስለኛል።

አሰላለፉ ግን ከጠላት ወደ ጠላት ተሻግሯል። እንግሊዞች በ1940 የሦስቱን አሰላለፍ ይዘው ብዙ ሰው ካጡ በኋላ በ1941 በእንግሊዛዊው አብራሪ በዳግላስ ባደር የሚመሩት ክፍሎች ይህንኑ የአራት ጣት አሰላለፍ ተቀበሉ፤ ቀስ በቀስም የተዋጊዎቻቸው መደበኛ አሰላለፍ ሆነ። ዛሬም በጄት ዘመን ርቀቱ በኪሎ ሜትር ቢለካም መሪና አጃቢ የሆነው ጥንድ የተዋጊ በረራ መነሻ ነው።