«ይህ ክሪኬት አይደለም»፦ ሕግ ሳይጣስ የሚሠራ ነውር

እንግሊዞች «ይህ ክሪኬት አይደለም» ሲሉ አብዛኛውን ጊዜ የሚያወሩት ስለ ጨዋታ አይደለም። ሰውየው ሕግ አልጣሰም፣ የሚከሰስበትም ነገር የለም፤ ያደረገው ግን ያሳፍራል ማለታቸው ነው። በእኛ አነጋገር «ነውር ነው» የሚለው ይቀርበዋል። ሌባን እንዲህ አይሉትም፤ ለሌባ ሕግ አለለት። አባባሉ የሚወጣው ተከራዩ ታሞ በተኛበት ሳምንት ውሉን ጠቅሶ ኪራይ ለሚጨምር አከራይ፣ ወይም የባልደረባውን ሐሳብ ስብሰባ ላይ የራሱ አስመስሎ ለሚያቀርብ ሠራተኛ ነው።

አነጋገሩ የተወለደው በ19ኛው መቶ ዘመን በራሱ በክሪኬት ሜዳ ነው። ጨዋታው ከተጻፈው ሕግ ሌላ በይሉኝታ የሚጠበቅ ወግ ነበረው። ለምሳሌ መቺው የመታት ኳስ መሬት ሳትነካ በተቃራኒ ቡድን ተጫዋች ከተያዘች መቺው ይወጣል፤ ኳሷ ባቱን፣ ማለትም መምቻ እንጨቱን፣ ጫር አድርጋ መያዟን መቺው ራሱ ካወቀ፣ የዳኛውን ጣት ሳይጠብቅ ከሜዳ መውጣት የጨዋ ምልክት ነበር። አልወጣም ቢል የሚቀጣው አንቀጽ የለም፤ የሚቀጣው ስሙ ነው። ከዚያ አባባሉ ወደ ትምህርት ቤት፣ ወደ ፓርላማና ወደ ንግድ ተሻገረ። ክሪኬት በደረሰበት ሁሉ፣ በአውስትራሊያም በሕንድም፣ አብሮ ደረሰ።

ትርጉሙን ጠንቅቆ ለመረዳት ከሁሉ የሚበጀው የእንግሊዝ ብሔራዊ ቡድን እ.ኤ.አ. በ1932–33 ወደ አውስትራሊያ ያደረገው የቴስት ጉዞ ነው። (ከዚህ በታች ያሉት ቀኖች፣ ወሮችና ዓመታት ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።) ቴስት በብሔራዊ ቡድኖች መካከል ለቀናት የሚዘልቅ ግጥሚያ ነው፤ በዚያ ዘመን በአውስትራሊያ የቀን ገደብ እንኳ አልነበረውም፣ አሸናፊ እስኪለይ ይጫወቱ ነበር። ቡድኑ በመስከረም 1932 ኦሮንቴስ በምትባል መርከብ ተሳፍሮ ሄደ። ከጉዞው በፊት ግን አምበሉ ዳግላስ ጃርዲን ለንደን ውስጥ ፒካዲሊ ሆቴል ሁለቱን ፈጣን ወርዋሪዎች፣ ሃሮልድ ላርዉድንና ቢል ቮስን፣ እራት ጋብዞ ነበር። የራቱ ወሬ ዶን ብራድማን ነው። ይህ አውስትራሊያዊ በ1930 በእንግሊዝ ምድር በአምስት ቴስት 974 ራን፣ ማለትም ነጥብ፣ አስቆጥሯል። እሱን ሳያቆሙ ማሸነፍ አይታሰብም።

የተገኘው ዘዴ በኋላ «ቦዲላይን» ተባለ። የክሪኬት ኳስ ውስጧ ቡሽና ክር፣ ላይዋ ጠንካራ ቆዳ ሆኖ ከ156 እስከ 163 ግራም ትመዝናለች። ዊኬት መቺው ከኳሷ የሚከላከለው የቋሚ እንጨቶች ስብስብ ነው፤ በሁለቱ ዊኬቶች መካከል ያለው ርቀት 20.12 ሜትር ነው። ላርዉድ የወረወራት ኳስ መቺው ዘንድ ለመድረስ ግማሽ ሰከንድ አይፈጅባትም፤ የራስ ቁር ደግሞ ገና አልተለመደም። በተለመደው አወራወር ወርዋሪው ኳሷን ወደ ዊኬቱ አቅጣጫ አንጥሮ መቺውን ለማሳሳት ይሞክራል፤ አብዛኞቹ ያዦችም፣ ማለትም ኳሷን ለመያዝ ሜዳው ላይ የተበተኑት ተጫዋቾች፣ ከመቺው ፊት ለፊት ባለው የሜዳ ክፍል ይቆማሉ። ቦዲላይን ሁለቱንም ገለበጠ። ኳሷ መሬት የምትነካው ከመቺው ራቅ ብላ ስለሆነ ነጥራ ወደ ጎድን፣ ወደ ደረትና ወደ ራስ ትወጣለች፤ መስመሯም በቀጥታ ሰውነቱ ላይ ነው። መቺው ጎኑን ለወርዋሪው ሰጥቶ ስለሚቆም፣ ወጥመዱ የተዘረጋው ከጀርባው በኩል ነው፦ አምስት ወይም ስድስት ያዦች በጥቂት እርምጃ ርቀት ከበውት፣ ሌሎች ሁለት ደግሞ ዳር ድንበሩ ጋ።

መቺው ምን ያድርግ? ደረቱን ለማዳን ባቱን ቢያነሣ ኳሷ ባቱን ነክታ ቀስ ብላ ቅርብ ከቆሙት አንዱ እጅ ትገባለች። አዙሮ በኃይል ቢመታት ወደ ላይ ትወጣና ዳር የቆሙት ይይዟታል። ጎንበስ ቢል ነጥብ የለም፣ ኳሷ የጠበቀውን ያህል ካልነጠረች ደግሞ ራሱን ታገኘዋለች። አውስትራሊያዊው ስታን ማኬብ በሲድኒው የመጀመሪያ ቴስት እያዞረ እየመታ 187 ራን ሳይወጣ አስቆጠረ፤ እጅግ የሚደነቅ ድፍረት ነው፣ ግን ሁለተኛ የሚደገም ዓይነት አልነበረም። አውስትራሊያም ያንን ግጥሚያ ተሸነፈች። ልብ በሉ፦ ከዚህ ሁሉ ውስጥ በወቅቱ ሕግ የተከለከለ አንድም ነገር የለም። አባባሉ የሚያስፈልገውም እዚህ ላይ ነው።

ነገሩ የፈነዳው በጥር 1933 በአዴላይድ ነው። ቅዳሜ ቀን፣ ከ50 ሺህ በላይ ሰው እያየ፣ የላርዉድ ኳስ የአውስትራሊያውን አምበል ቢል ዉድፉልን ልቡ ላይ መታችው። ሰውየው ባቱን ጥሎ ደረቱን ይዞ ተንገዳገደ። ጃርዲን ላርዉድን «ጥሩ ወረወርክ» አለው፤ ትንሽ ቆይቶም ያዦቹን ወደ ወጥመዱ ቦታ አዛወራቸው። ሕዝቡን ያነደደው ከምቱ ይልቅ ይህ ነው። ብዙዎች የሚስቱትን እዚህ ላይ ማቅናት ይገባል፦ ዉድፉል ሲመታ ያዦቹ የቆሙት በተለመደው ቦታ ነበር። ሰኞ ዕለት የራስ ቅሉ የተሰነጠቀው አውስትራሊያዊው በርት ኦልድፊልድም ኳሷን አዙሮ ሊመታ ሲል ባቱን ነክታ ነው ያገኘችው፤ እሱ ራሱ ላርዉድን አልወቀሰም። ነውሩ ያለው አንድ ምት ላይ ሳይሆን፣ በሰው ፍርሃት ነጥብ ለመግዛት ታስቦ የተሠራው ዕቅድ ላይ ነው።

የእንግሊዝ ቡድን የጉዞ ኃላፊ ፔልሃም ዋርነር አዝኖ ዉድፉልን ለመጠየቅ ወደ ልብስ መቀየሪያው ክፍል ሲገባ፣ ዉድፉል «ሜዳው ላይ ሁለት ቡድን አለ፤ አንዱ ክሪኬት ሊጫወት ይሞክራል፣ ሌላው አይሞክርም» አለው። የአባባሉ ባለቤቶች በገዛ አባባላቸው ተወቀሱ። ንግግሩ ለጋዜጦች ሾልኮ አገር አወቀው።

ጥር 18 የአውስትራሊያ ክሪኬት ቦርድ ለንደን ለሚገኘው ለኤም.ሲ.ሲ.፣ የጨዋታው ሕግ አውጪ ለነበረው ክለብ፣ ቴሌግራም ላከ፤ አወራወሩ ከስፖርት ጨዋነት ውጭ ነው፣ ካልቆመም የሁለቱን አገሮች ወዳጅነት ያናጋል የሚል። ለንደን ተቆጣች፦ ከፈለጋችሁ የቀረውን ጉዞ መሰረዝ ትችላላችሁ ብላ መለሰች። ነገሩ እስከ አውስትራሊያ ጠቅላይ ሚኒስትር ጆሴፍ ላየንስ ደረሰ። በመጨረሻ አውስትራሊያ «ጨዋነታችሁን አንጠራጠርም» ብላ ቃሏን አለሳለሰች፣ ጉዞውም ቀጠለ። እንግሊዝ 4 ለ 1 አሸነፈች። ላርዉድ 33 ዊኬት ወሰደ፣ ማለትም መቺዎችን 33 ጊዜ አስወጣ፤ የብራድማንም የነጥብ አማካይ ከ1930ው 139 ወደ 56 ወረደ። ዕቅዱ ሠርቷል።

በጃርዲን ቡድን ውስጥ እምቢ ያሉ ነበሩ። ጋቢ አለን እንዲያ አልወረውርም ብሎ በተለመደው አወራወር 21 ዊኬት ወሰደ። ሕንዳዊው የፓታውዲ ናዋብ፣ ማለትም መስፍን፣ በመጀመሪያ ቴስቱ 102 ራን አስቆጥሮ ሳለ፣ ከወጥመዱ ውስጥ አልቆምም ብሎ ከሁለተኛው ቴስት በኋላ ከቡድኑ ተገለለ። ላርዉድ ግን የማዕድን ቆፋሪ ልጅና ራሱም የከሰል ጉድጓድ ሠራተኛ የነበረ፣ በክሪኬት ደመወዝ የሚያድር ሰው ነው። አለንና ናዋቡ ያለ ደመወዝ የሚጫወቱ፣ እንጀራቸው በክሪኬት ላይ ያልተመሠረተ ሰዎች ናቸው። «አይሆንም» ማለት ለሁሉም እኩል ዋጋ የለውም፤ ይህን ሳይመዝኑ ላርዉድን መኮነን ግፍ ነው። ከጉዞው በኋላ ይቅርታ እንዲጠይቅ ተነገረው፤ ያዘዘኝን አምበሌን ታዝዤ ለምን ይቅርታ እጠይቃለሁ ብሎ እምቢ አለ። ለእንግሊዝ ዳግመኛ አልተጫወተም። ዝሆኖች ሲራገጡ የሚጎዳው ሣሩ ነው። በ1950 ቤተሰቡን ይዞ የሄደው ወዴት ነው? ወደዚያችው አውስትራሊያ፤ በመልካም ተቀበሉት፣ በ1995 እስኪሞትም በሲድኒ ኖረ።

እንግሊዝ ሐሳቧን የቀየረችው ነገሩን በቤቷ ስታየው ነው። በ1933 በጋ የዌስት ኢንዲስ፣ ማለትም የካሪቢያን አገሮች ቡድን፣ ወርዋሪዎች ኮንስታንቲንና ማርቲንዴል በማንቸስተር ያንኑ ዘዴ መለሱላት፤ የእንግሊዛዊው መቺ የዋሊ ሃመንድ አገጭ ተተረተረ። ጃርዲን በበኩሉ ሳይሸሽ ቆሞ 127 ራን አስቆጠረ፤ ለሌላው የደገሰውን ራሱም ቀምሶ አልተነጫነጨም፣ ይህ ሊነፈገው አይገባም። ከዚያ ሕጉ ቀስ በቀስ ተስተካከለ። በመጀመሪያ ዳኞች ሆን ተብሎ በመቺው ላይ የሚደረግን ጥቃት እንዲያስቆሙ ታዘዙ፤ በ1957 ደግሞ በመቺው የጀርባ ወገን፣ እሱ ከቆመበት መስመር ወደ ኋላ ባለው የሜዳ ክፍል፣ ከሁለት ያዥ በላይ ማቆም ተከለከለ። ወጥመዱን የገደለው ይህ ነው። ዛሬ በቴስት ከትከሻ በላይ የምትነጥር ኳስ በአንድ ኦቨር፣ ማለትም በስድስት ውርወራ፣ ከሁለት መብለጥ አትችልም። በ2000 ደግሞ የክሪኬት ሕግ መግቢያ ላይ ስለ ጨዋታው መንፈስ የሚናገር ክፍል ተጨመረ።

ነውር የተባለው ሁሉ ግን እንደ ቦዲላይን አልተከለከለም። በ1947 ሕንድ አውስትራሊያን ስትጎበኝ ሕንዳዊው ወርዋሪ ቪኑ ማንካድ፣ በወርዋሪው በኩል ቆሞ ለመሮጥ ሲጠባበቅ ኳሷ ሳትወረወር መስመሩን ለቆ የወጣውን አጋር መቺ ቢል ብራውንን ዊኬቱን በኳሷ ነክቶ አስወጣው። ብዙ ጋዜጠኛ «ክሪኬት አይደለም» አለ፤ የተቃራኒው አምበል ብራድማን ግን ማንካድ ትክክል ነው፣ ጥፋቱ ቀድሞ የሮጠው ሰው ነው ብሎ ተከራከረለት። ድርጊቱ ለዓመታት በሕጉ ውስጥ «ተገቢ ያልሆነ ጨዋታ» በሚለው ምዕራፍ ተቀምጦ ቆየ። በጥቅምት 2022 ከዚያ ወጥቶ፣ መቺ በሩጫ ላይ ሳለ ስለሚወጣባቸው መንገዶች ወደሚናገረው አንቀጽ ተዛወረ። ስለዚህ ዛሬ በዚህ ጉዳይ «ክሪኬት አይደለም» የሚል ሰው፣ የማንካድን ወገን ይዞ አንቀጹን የሚጠቅስለት ተከራካሪ አያጣም።